የዳሽቦርዱ ጉባኤ

ታላላቅ ሥራዎች የሚጀመሩት ከትንሽ ነገር ነው ይባላል። ትንሽ ነገር በታላቅ ሥራ ሲደመደም ግን ማንም አያወራለትም። ስለዚህ ልጆቼ፣ የአንድ ቤተሰብ ገድል ሳይነገርለት እንዳይቀር ቀረብ በሉና ስሙ።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት አምፖል ነው። አምፖሏ የሽንብራ ፍሬ ታክላለች፤ ቤቷም የአንዲት አመድማ ትንሽ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ፣ ከፍጥነት መለኪያው ኋላ ነበር። መኪናዋ ባለቤቷን በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ባለቤቷ ደግሞ መንጃ ፈቃዷን ካወጣች ወር ያልሞላት፣ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ከአንድ ሆስፒታል የተቀጠረች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ሆስፒታሉ ከከተማው ማዶ ነው፤ ተራዋም የምሽት ነው። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ በደማቁ እንዲህ ተጽፏል፦ "ሰኞ ምሽት በአንድ ሰዓት ተገኝቶ ያልፈረመ ተቀጣሪ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ተቆጥሮ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።" ልጅቷ ይህን ቦታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታለች።

ሰኞው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ "አባዬ፣ የፍጥነት መለኪያው አምፖል ተቃጥላለች" አለች። "ሲመሽ ቁጥሩ አይታየኝም። ዛሬ ጋራዥ ጎራ ብዬ ላስቀይራት ነው።"

አባትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

እኚህን አባት ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የስንቱን ንግግር ሲጽፉ፣ የራሳቸውን አንዲት ቃል እንኳ አስጽፈው አያውቁም። ወንበራቸው ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ጥግ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር፤ በር የሚከፍቱትም እሳቸው ነበሩ። ጡረታ በወጡ ማግስት ግን የሳሎኑን ጠረጴዛ ራስጌ ይዘው ቁጭ አሉ። ቤተሰቡም ሆዳቸው እንዳይባባ ብሎ "ሰብሳቢው" ይላቸው ጀመር።

"ላስቀይራት ነው? ዝም ብለሽ?" አሉ ሰብሳቢው።

"አምፖል እኮ ናት፣ አባዬ።"

"ዛሬ አምፖል ናት። ነገስ?"

ነገ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ ተመዘገበ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ሲሉም ሰብሳቢው አከሉበት። እዚህ ቤት እንኳ ሎሚዋ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ቢሆንም ተሸካሚ አልጠፋም። በዚያው ዕለት "የተሽከርካሪ ውስጣዊ ብርሃንና የመለኪያዎች ጉዳይ አጥኚና ወሳኝ ኮሚቴ" ተቋቋመ። ሰብሳቢ አባት ሆኑ። ጸሐፊም አባት ሆኑ፤ ልማድ መቼ ይለቃል። አባላቱ እናትና የእናት ወንድም፣ አጎት ናቸው። ልጅቷ "ባለጉዳይ" ተብላ ከሳሎኑ በር ውጪ ባለች በርጩማ ላይ እንድትጠብቅ ተደረገ።

ረቡዕ የተያዘው አጀንዳ ቀለም ነበር። እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስለ ቀለም በእሳቸው ፊት አፍ የሚከፍት የለም። የተጠራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንድ ካርቶን ሙሉ አምፖልና የመብራት ገመድ ይዞ መጣ። ይህ ሰው የተጠየቀውን ሁሉ "ይቻላል" ስለሚል ስሙ ቀርቶ ይቻላል ሆኗል። እናት ባለጉዳይዋን አስገብተው፣ እየበራ የሚሰጣቸውን አምፖል እንደ ጨርቅ ናሙና ወደ ጉንጯ እያስጠጉ ይመለከቱ ጀመር።

"ሰማያዊው ልጄን የታመመች ያስመስላታል። አረንጓዴው ደግሞ የዳነች፣ ግን ገና ያላገገመች። ይሄ ወርቃማው ሸጋ ነው፤ አንገቷን አወጣው።"

"እማዬ፣ መኪና ውስጥ አንገቴን ማን ያየዋል?"

"ማንም ባያየው አንገት አንገት ነው!"

አጎት ግን ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። በውሃ ማሰራጫ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲያነጋግሩ እንኳ ደረቱ ላይ ቁጥር የሚፈልጉ ይመስላሉ። በጣቢያው ቀይ መብራት ማለት "ተጠንቀቅ" ማለት ነበር።

"ሁልጊዜ ከበራ ግን ከምኑ ነው የምጠነቀቀው?" አለች ባለጉዳይዋ ከበሩ።

"ከሁሉም ነዋ!"

ክርክሩ እስከ ምሳ ቆይቶ ሰብሳቢው ማንንም የማያስከፋ ውሳኔ አሳለፉ፤ ሁሉም ቀለም ይግባ። በጣሪያው ወርቃማ፣ በበሮቹ ቀይ፣ በእግር ሥር አረንጓዴ፣ በመሪው ዙሪያ ደግሞ የተገፋው ሰማያዊ ቅር እንዳይለው ሰማያዊ።

"ይቻላል" አለ ይቻላል።

ሐሙስ የጌጅ ቀን ነበር። አጎት የግፊት፣ የሙቀትና የባትሪ ጌጅ ጠየቁ። ተፈቀደ። የከፍታ፣ የእርጥበትና የዳገት ጌጅ ጨመሩ። እሱም ተፈቀደ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ዳሽቦርዱ ሞላ። ይቻላል ራሱን እያከከ ለነባሩ የፍጥነት መለኪያ ቦታ መጥፋቱን አሳወቀ፤ በሕይወቱ ወደ "አይቻልም" እንደዚያን ቀን ቀርቦ አያውቅም።

"ወደ ኋላ ወንበር ይዛወር" አሉ አጎት። "እኔ አነበዋለሁ። ልምዱ ያለው እኔ ዘንድ ነው።"

"እና እኔ ፍጥነቴን በምን አውቃለሁ?" አለች ልጅቷ።

"ትጠይቂያለሻ፣ የኔ ልጅ። የጠየቀ አይሳሳትም። ብቻ ጥያቄው በሰብሳቢው በኩል ይቅረብ።"

የአምፖሏ ጉዳይ ከነመለኪያዋ ወደ ኋላ ወንበር ስለሄደ፣ "ምላሽ እንዳገኘ ተቆጥሮ" ተዘጋ።

ዓርብ የቀረው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ የዚህ ሁሉ መብራት ማጥፊያ በማን እጅ ይሁን? እናት "በእኔ" አሉ። አጎት "በእኔ" አሉ። ሰብሳቢው ድምፅ ባለመስጠት ገለልተኛነታቸውን አሳዩ። አንድ ለአንድ ሆነ። እኩል ለእኩል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ቤተሰብ እንዳይከፋፍል ይተዋል፤ ስለዚህ ማጥፊያ እንዳይገጠም ተወሰነ። ሞተሩ ሲነሳ ይበራል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛው ይቻላል ዕረፍት ሳያደርግ ሲሠራ ዋለ።

ሰኞ ልጅቷ በአሥራ አንድ ተኩል ነጭ ጋዋኗን ታጥቦ እንደተተኮሰ በክንዷ ይዛ ወጣች። ኮሚቴው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት። ሰብሳቢው ማኅደራቸውን ታቅፈው ከፊት፣ እናትና አጎት ከኋላ።

"አባዬ፣ እናንተ ደግሞ ወዴት ናችሁ?"

"ሥራ ሠርቶ ዞር ማለት የለም። በመስክ ተገኝተን አፈጻጸሙን እንከታተላለን።"

ቀጥለው ንግግር አደረጉ። "ይህች መኪና" አሉ፣ "የትናንቷ መኪና አይደለችም። ትናንት በጨለማ ስትዳክር የነበረች መኪና ዛሬ ከውስጧ እያበራች . . ." እያሉ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሄዱ። ልጅቷ በመሪው ላይ ጣቶቿን ስታንኳኳ፣ እናት ጭብጨባ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሞተሩ ተነሳ። ልጆቼ፣ ምን ልበላችሁ! ሠርግ ቤት ብትሉት ያንሰዋል። መንገደኛ ቆሞ አየ፤ ውሻ ጮኸ። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ጉዞው መልካም ነበር፤ ብቻ ልጅቷ ፍጥነቷን ስትጠይቅ መልሱ ሲዞር ቆይቶ የሚደርሳት መኪናዋ ከቆመች በኋላ ነው። ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ሊቀረው ሲል ጀምበሯ ጠለቀች።

ያን ጊዜ መንገዱ ጠፋ።

የጠፋው ሄዶ አይደለም። ውስጡ ሲደምቅና ውጪው ሲጨልም የመኪናዋ የፊት መስታወት መልክ ማያ ሆነ። ልጅቷ ዓይኗን ብታጠብብም፣ ወደ ፊት ብትጠጋም የምታየው የራሷን አፍንጫ ነው። እንደምንም ወደ ዳር ይዛ ቆመችና የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

"ምነው ቆምሽ?" አሉ አጎት።

ሰብሳቢው ግን ፊት ለፊት እያዩ ኮታቸውን አስተካከሉ። "ትክክል ነሽ። ሰዎች እየመጡ ነው።"

በእርግጥም ከፊታቸው በልዩ ልዩ ቀለም ያሸበረቀች መኪና ቆማ ነበር። በፊት ወንበር ላይ አንድ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ ማኅደር ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ለእንዲህ ያለ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን ጽፈዋል! ፊት ለፊቱ እንደ እኩያ ተቀምጠው ግን አያውቁም። ፈራ ተባ እያሉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሽማግሌውም ዝቅ አደረጉ።

"ሰላምታዬን መለሱ!" አሉ ሰብሳቢው።

"ከኋላ ያሉትንስ አየሃቸው?" አሉ እናት። "የሴትየዋ ቀሚስ ስፌቱ! ይሄ የባለሙያ እጅ ነው።"

"እየጠበቁን ነው" አሉ አጎት። "ጨዋዎች ናቸው፤ እለፉ እያሉን ነው።"

"እንዴት ተደርጎ! እነሱ ይቅደሙ" ብለው ሰብሳቢው በእጃቸው ጋበዙ። ማዶም ተጋበዘ። "አረ በሞቴ!" አሉና ደግመው ጋበዙ። ማዶም በሞቴ ያለ መሰለ።

"አባዬ" አለች ልጅቷ፣ "እኛ ነን እኮ።"

"እኛማ እዚህ ነን።"

"መስታወቱ ነው! ይሄ ሁሉ መብራት ነው! እማዬ፣ አንቺ እንኳ ንገሪው። አሥር ደቂቃ ነው የቀረኝ፤ ካልፈረምኩ ሥራው ለሌላ ሰው ነው።"

"ትንሽ ታገሺ፣ የኔ ልጅ" አሉ እናት። "ትልልቅ ሰዎችን አቋርጦ ማለፍ ነውር ነው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ አጎት፣ ከእርጥበት ጌጁ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

"ሞተሩን አጥፍቼ ላሳያችሁ?"

"በእንግዳ ፊት መብራት ታጠፊያለሽ?" አሉ ሰብሳቢው፤ በእጃቸው ቁልፉን ከለሉ።

ልጅቷ ሦስቱንም አየቻቸው። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ፤ ለሁለቱም ግን ጊዜ አልነበራትም። ጋዋኗን አንስታ፣ "በሉ መኪናዋን ጠብቁልኝ" ብላ በሩን ከፍታ ወረደች። ከመኪናዋ ሁለት እርምጃ ስትርቅ መንገዱ እንዳለ ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ ጨረቃም ነበረች። ሮጠች። አንድ ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ፈረመች። ተጠባባቂው ደብዳቤውን ይዞ ከበሩ ቆሞ ነበር፤ አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

በመኪናዋ ውስጥ ግን ሰብሳቢው ባዶውን የሹፌር ወንበር አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ማዶ አዩ፤ ክው አሉ።

"አያችሁ? የእነሱም ልጅ ጥላቸው ወረደች።"

"ውይ፣ ምስኪኖች!" አሉ እናት፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ማዶ ያሉትም ሴት አለቀሱ።

ሰብሳቢው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "እንዲህ ያሉ የተከበሩ ሰዎች! ልጃቸው መንገድ ላይ ጥላቸው የምትሄደው ምን ቢያጠፉ ይሆን?"

አጎት አሥራ አንዱንም ጌጅ ተራ በተራ አነበቡ፤ አሰቡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ምን ያጠፋሉ፣ ሳይመካከሩ መኪና ሰጥተዋት ነዋ።"