አንድ መነጽር ለሦስት ጨዋ

እኛ የአሰላ ሰዎች ከአደጋ የሚጠብቀን ዕቃ ሲሰጠን፣ ዕቃውን ከአደጋ መጠበቅ እንጀምራለን። አትቆጡ፣ አብረን እንየው። ሞተረኛውን ተመልከቱት፤ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎ፣ የጭላሎን ብርድ በባዶ አናቱ እየሰነጠቀ ይከንፋል። አንጎሉ ክርኑ ውስጥ ያለ ይመስል! ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ይደፋታል፣ ሲያልፍ ያወልቃታል፤ እሱ የሚፈራው ትራፊኩን እንጂ አስፋልቱን አይደለም። የሚኒባሱ ሾፌር ደግሞ ቀበቶውን ከጀርባው አዙሮ ወንበሩን አስሮበታል፤ ወንበሩ አንድ ቀን ጥሎት የሚሄድ መስሎታል መሰለኝ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው በያጅ የፊት መከለያውን ከነላስቲኩ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይበይዳል። ለምን አታደርገውም ብዬ ብጠይቀው እንዳይጫጫርብኝ ብዬ ነው አለኝ። መስታወቱን ማለቱ ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ፊዚክስ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። አሁን ሥራዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሰው መናቅ ነው፤ ደመወዝ ባይኖረውም ሙሉ ቀን ያሠራል። ስለዚህ ምላሴ ሻከር ቢልባችሁ ታገሡኝ። የማጫውታችሁ ስለ አንድ ዓይን ነው፤ ስለ ኦቦ ቱሉ ዓይን፣ ያውም ስለቀረቻቸው አንዲቷ።

ነገሩ የጀመረው ከገመቹ ነው። ገመቹ የአጥር ጎረቤቴ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ የኦቦ ቱሉም አማች ነው። አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ሲሠራ እጁን የሚስተካከለው የለም። ፊዚክስ ላይ የነበረውን ውጤት ግን ልተወው፣ ሚስቱ ጫልቱ ይህን ልታነበው ትችላለች። ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ጉድ አየ። ሰማያዊ ብርሃን የዋንዛ ሰሌዳ ላይ የሙሽሮችን ስም እያቃጠለ ሲጽፍ! በመሮ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ሥራ ሌዘሩ ሻይ እስኪጠጣ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ገመቹን መያዣ ጠፋ። በር ያዘዘ ሰው በር እንደሌለው ቀረ፣ መስኮት ያዘዘም ብርድ ጠጣ፤ ገመቹ እቴ፣ ያንን ብርሃን የምትተፋውን ሌዘር ዳዮድ አስመጥቶ ቁጭ አለ።

ዳዮዷ ከአውራ ጣት አትበልጥም። ሌዘር ሲባል በስብሰባ ላይ ግድግዳ የምትጠቁመዋ ቀይ ነጥብ የምትመስላችሁ ካላችሁ፣ ያቺ ሌላ ናት። ይህቺ እንጨት ታጨሳለች፤ ዓይን ላይ ካረፈች ደግሞ ሽፋሽፍት እስኪከደን እንኳ አትታገሥም።

የመጀመሪያዋን በመጣችበት ቀን ገደላት። በቀጥታ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኛት፤ አንዴ ቦግ አለች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብሎ አለቀሰልኝ። የተበላሸው ሌላ ነገር እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳሁት። ዳዮድ ማለት፣ አልኩት፣ በቃኝ የማያውቅ እንግዳ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ብላ ብላ ማለት የማይታክተው ጋባዥ። ሲበላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይብስ ይበላል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ስለዚህ በመካከላቸው ጭልፋውን የምትይዝ፣ አይሆንም ማለት የምትችል ቆፍጣና ሴት ታስፈልጋለች። እሷ ድራይቨር ትባላለች፤ ኮረንቲውን ለክታ የምትሰጥ ዕቃ ናት። ዳዮዷ ጀርባ ላይ ሙቀቷን የሚወስድላት አልሙኒየም ይሁን፣ ማራገቢያም ይኑረው። ጢሱ መስኮት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልፍ ይኑራት፤ ሰው አስቦ፣ ሁሉም መከለሉን አይቶ፣ በእጁ ካላዞረው የማትበራ ትሁን አልኩት። "እሺ ቲቸር" አለኝ። በእኛ አገር እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ አደርገዋለሁ ማለት መሆኑን ማን ነገራችሁ?

ሁለተኛዋ ከነድራይቨሯ፣ ከነማራገቢያዋ መጣች። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ብርቱካናማ መነጽር ነበረ። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከሌዘሯ ቁጥር ጋር አመሳክሬ ይህ ያድንሃል አልኩት። እሱ ግን ከገበያ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ገዝቶ ኖሯል፤ ብርቱካናማው ሰው ፊት አያስከብርም ብሎ። ደሜ ፈላ። ጥቁሩ መነጽር ሰማያዊውን ጨረር አያስቆመውም፣ ይልቁንም ዓይንህ ጨለመ ብሎ ብሌኑን ወለል አድርጎ ይከፍትለታል፤ ለሌባ በር ከፍቶ መብራት ማጥፋት ነው አልኩት። ጮኼበታለሁ መሰለኝ፤ ጫልቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታናለች። ብቻ ብርቱካናማውን አደረገ፤ እኔም በረንዳዬ ላይ ተመልሼ ሌላ የምንቀው ሰው ፈለግሁ።

ይህ በሆነ በወሩ የጫልቱ አባት ኦቦ ቱሉ ከዲክሲስ መጡ። የስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ቁጥብ ሽማግሌ። ግራ ዓይናቸውን በወጣትነታቸው ገብስ ሲወቁ ያጡት ናቸው፤ እብቅ ገብቶበት እስከ መኸሩ ማብቂያ ችላ ብለውት። እርሻቸውን፣ ከብታቸውን፣ የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደቃቃ ፊደል ሁሉ የሚያዩት በቀኛቸው ብቻ ነው። የመጡት አማቻቸው በርና መስኮት ትቶ ያበደበትን ነገር ለማየት ነው። ገመቹ ጨነቀው። እኔን ጠራኝ፤ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የሚመሰክርለት የተማረ ሰው ፈልጎ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ያ አሰላ ክረምት ላይ ቀኑን ሙሉ የምታንጠባጥበው ካፊያ አለ። መሣሪያዋ በጓሮው ክፍል ጠረጴዛ ላይ በእንጨት ማቀፊያ ታስራ፣ አፏን ወደ ታች፣ ወደ ዋንዛው ሰሌዳ ደፍታለች። መብራት የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሦስታችን ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን፤ ጫልቱ ሻይ ለማፍላት ወጣች።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ሰሌዳው ላይ የብረት ማስመሪያ ተኝቷል፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ጨረር ቢያርፍበት ወዴት እንደሚነጥር ለዘጠነኛ ክፍል ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስያለሁ። ከዚያ ወደ ቁልፉ አየሁ። ቁልፉ የለም። በቦታው ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ ተገናኝቷል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ቁልፍ ማዞር ሰልችቶት ነዋ! ይህ ማለት መብራት በመጣባት ሰከንድ ሌዘሯም ማንንም ሳታስፈቅድ ትበራለች ማለት ነው።

አየሁ። ሽቦውንም ማስመሪያውንም አየሁ። ንቀል ብለው አማቱ ፊት ማሳጣት ይሆንብኛል፤ ሰውየው የመጡት ሊፈርዱበት፣ እኔ የተጠራሁት ላስመሰግነው። ደግሞስ መብራት የለም፣ ምን ቸገረን? ዝም አልኩ።

ከዚያ የመነጽሩ ነገር መጣ። ገመቹ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለእኔ አቀረበልኝ። ኦቦ ቱሉ እያሉ? በፍጹም! ወደ እሳቸው መለስኩት። እሳቸው ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ አሰቡ፣ እንዲህም አሉን።

"እኔ ባጣ የማጣው አንድ ነው። እናንተ ሁለት ሁለት አላችሁ፤ ጉዳቱ የእናንተ ይበልጣል።"

እኔ ሒሳብም ደርቤ አስተምሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ መቀነስ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁም። መነጽሩ ወደ ገመቹ ሄደ። ገመቹ እንኳን ሊያደርገው፣ አማቱ ፊት ዓይኑን ሸፍኖ መቀመጥ ነውር ሆኖበት በእሳት እንደተነካ አስረከበኝ። እኔ እንደገና ለሽማግሌው። ሽማግሌው ደግሞ እንግዳ ይቅደም አሉ። እንግዳው ማን ነው? እሳቸው ናቸው። አይ፣ እሳቸው ልጃቸው ቤት ናቸው፣ እንግዳው መምህሩ ነው። በዚህ ዓይነት መነጽሩ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ዞረ። ሦስት ጨዋ ሰዎች፣ አምስት ዓይን፣ አንድ መነጽር፤ ሁላችንም ስንገባበዝ የሚያጠፋን ነገር አፍንጫችን ሥር ተሰክቶ መብራት ይጠብቃል። ክፍሉን ለቀን እንውጣ፣ ወይም ሶኬቱን እንንቀል የሚል ሐሳብ ለማናችንም አልመጣም። ለእኔማ መጥቶ ነበር።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። በሞቴ፣ በልጆችዎ ሞት ብዬ ተነሣሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቼ መነጽሩን እንደ ጉርሻ በግድ ሽማግሌው ፊት ላይ አጎረስኳቸው። አንደኛው ዘንግ ጆሮአቸው ላይ ተቀመጠ፣ ሁለተኛውም ተቀመጠ። በዚያችው ቅጽበት መብራት መጣ።

መብራት ሲመጣ ሰፈራችን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከየቤቱ ሕፃን አዋቂው "መጣ!" ይላል፣ ጎል እንደገባ። እኛም ዘንድ መጣ። ክፍሉ ሰማያዊ ሆነ፣ ማስመሪያው ወደ ፊቴ ተንቦገቦገ፣ የዋንዛ ጢስ ሸተተኝ። ገመቹ ደንግጦ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ስለተገለበጠ ምንም አልነካውም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተኝቶ ሶኬቱን ነቀለው። ኦቦ ቱሉ በብርቱካናማው መነጽር ውስጥ ሆነው፣ "ባሬዳ" አሉ። ያምራል ማለታቸው ነው። የእሳቸው ዓይን ተረፈች።

እኔን አላመመኝም። ፀሐይ ያየ ሰው እንደሚሆነው አንድ ነጥብ ፊት ለፊቴ ይዋኛል፤ ያልፋል ብዬ ሻዬን ጠጣሁ፣ ማሽኑንም አደነቅሁ፣ ለገመቹም መሰከርኩለት። በማግስቱ ጠዋት ቀኝ ዓይኔን እያሻሸሁ በግራዬ ጋዜጣ ባይ፣ ቃሉ የለም። ጠርዝ ጠርዙ አለ፣ የማየው ቃል ራሱ ግን የለም። ዓይኔን ወደ ሌላው ሳዞር ያኛው ይመለሳል፣ ይሄኛው ይጠፋል። ሐኪም ቤት ሄድኩ። የዓይን ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ደጋግማ አይታ፣ ከዓይኔ ጀርባ የተቃጠለው ቦታ መልሶ እንደማይበቅል ነገረችኝ። ሌዘር ያለ መከላከያ ማየት አደገኛ መሆኑን ሰምተው አያውቁም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ትምህርቱን እኔ ነኝ ያስተማርኩት ልበላት? አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በገመቹ መናደድ አምሮኝ ነበር፣ ግን ሽቦውን ያየሁት እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ገመቹን እንዳላሳዝን፣ ጫልቱን እንዳላስደነግጥ፣ ሽማግሌውን እንዳላሳቅቅ። አያችሁ፣ ዓይኔ ቢሄድም ይሉኝታዬ ሙሉ ጤነኛ ነበር። ያወቀችው ጫልቱ ናት። አንድ ቀን ሻይ ስታቀብለኝ ብርጭቆውን ስቼ አየር ጨበጥኩ። ብርጭቆውን ወደ ሌላ ጎን አዛውራ ያዘችልኝ። ሁለተኛም ሳትኩ። "ጋሼ፣ የትኛው ነው?" አለችኝ። ግራው አልኳት። ጉጠት ይዛ ጓሮ ገባች፣ ሽቦውን ቆረጠችው፣ እውነተኛ የቁልፍ ቤት አስገጥማ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። ገመቹ እግሬ ላይ ሊወድቅ መጣ። ምንም አይደል አልኩት። ምንም አይደል! ስሙት እንግዲህ ይህን አፍ።

አሁን ያ ክፍል ሕግ አለው። አራት መነጽር ሆኗል፣ ማስመሪያው በእንጨት ተተክቷል፣ ሕጉም አጭር ነው፤ ራስ ይቆጠራል፣ መነጽር ይቆጠራል፣ ካልተመጣጠነ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። ባለፈው ኦቦ ቱሉ አዝመራ ገብቶላቸው ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ የጉባኤያቸውን ስም በሰሌዳ ሊያስጽፉ። እኔም ተጠራሁ። ከገመቹ ጋር አምስት ሆንን። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ቆጠረች፣ መነጽሮቹን ቆጠረች፣ ከዚያ ክርኔን ይዛ፣ በትሕትና፣ እየገፋች አወጣችኝ። ቁልፉን ከአንገቷ አውርዳ ለገመቹ አቀበለችውና ወደ ጓዳዋ ሄደች፤ በሩን እሱ ከውስጥ ቀረቀረው።

ጭቃ ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ ገመቹ በራሷ በሌዘሯ የጻፈው ሰሌዳ አለ፤ መነጽር ያላደረገ አይገባም ይላል። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በግራው ላነበው ሞከርኩ፤ የማየው ቃል ሁሉ ይጠፋል። ከውስጥ ኦቦ ቱሉ "ባሬዳ" ሲሉ ይሰማኛል። ልጅቷ ትክክል ናት፤ በዚያ ቤት ትክክል የሆነ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፣ ሞቼም አልክደውም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተቀይሜያለሁ። ከአራት ሰው አንድ እንኳ፣ "ኧረ ቲቸር ይግቡ፣ የእኔን ያድርጉ" የሚል ይጥፋ?