ፔርሙዙን ክፈቺው

በየሰፈሩ አንድ ተጠራጣሪ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። የኛው ክቡር ጓድ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ኮተቤ መንገድ ላይ ያለው የቀበሌያችን ኬላ ዘበኛ። እሳቸው ገመዱን ካላወረዱት ንፋስም አያልፍም።

"ነገር አለው" ናት ቃላቸው። ዝናብ ከዘገየ ነገር አለው፤ ቶሎ ከመጣም የባሰ ነገር አለው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስቁመው፣ የፀረ አብዮት ወረቀት ይኖራል ብለው ሸክሙን በዘንግ ይወጋጋሉ። አንድ ቀን ምሳ ይዘው የመጡትን የገዛ ሚስታቸውን፣ እትዬ ዲንቄን፣ መታወቂያ ጠየቋቸው። አሳዩ። ፎቶውን ከፊታቸው ጋር ሲያስተያዩ ቆይተው "እዚህ ላይ ወጣት ነሽ" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ወደ ኬላው መጥቶ አያውቅም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ጽዳት ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ከሙክታር ሥጋ ቤት ትኩስ የበግ ኩላሊት፣ በረዶ በሞላ ፔርሙዝ አድርጌ ለዶክተር ሣራ አደርሳለሁ። ዶክተር ሣራ ኩላሊት አየር ሲያጣ እንዴት እንደሚጎዳ ነው የሚያጠኑት። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ማንም ሳይጠይቀኝ ለሰው ሁሉ አወራለሁ።

ኬላው ጋ ስደርስ "ፔርሙዙን ክፈቺው" ይላሉ። እከፍታለሁ። ኩላሊቶቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ይደረድሯቸዋል። የበግ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሙክታር ደረሰኝ ጻፈልኝ፤ ደረሰኙም ነገር አለው ተባለ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ይሄዳል።

በአራተኛው ማክሰኞ ዶክተር ሣራ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አስካለች፣ የምታመጪልኝ ኩላሊት እኔ ሳልነካው የተጎዳ ነው። ካልሲየሙ ቀድሞኝ ወደ ውስጡ ገብቷል። የሚመጣው ማክሰኞም እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

ኬላው ነው አልኳቸው። እሳቸውም ኬላውን ስለሚፈሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

በአምስተኛው ማክሰኞ ጓድ ክዳኑን ሲይዙ እጃቸውን ያዝኩት። ዘንጉ ተነሳ። ሥራዬ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ለፈለፍኩ። ኩላሊት እንደ ሰፈር ነው፣ በዓይን የማይታዩ ቤቶች አሉት አልኳቸው። ካልሲየም ውጭ አሥር ሺህ ካለ፣ ውስጥ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ሾልኮ የገባውን እየለቀመ ያስወጣል።

ዘንጉ ወረደ። "ካልሲየም የሚሉት ማነው? የየት አገር ሰው ነው?"

"ሰው አይደለም ጓድ። ወተት ውስጥ ያለ፣ አጥንት የሚያጠነክር ነገር ነው።"

"ጥሩ መስሎ ነዋ የሚገባው። ነገር አለው።"

ዘበኛው ጉልበት የሚያገኘው በአየር ነው አልኩ። በጉ ሲታረድ አየሩ ይቋረጣል። በረዶ ላይ ከሆነ ዘበኛው ትንሽ ይታገሣል። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ግን ይዝላል፤ ካልሲየም ይግተለተላል፣ ውስጥ ተኝተው የነበሩትን መቀሶች ይቀሰቅሳል፣ እነሱም የገዛ ቤታቸውን ይቆራርጡታል።

ጓድ ድንጋዩን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ።

"ለዘበኛው ምሳ አላመጡለትም ማለት ነው" አሉ።

"አላመጡለትም።"

"ቀኑን ሙሉ ቆሞ።"

"ቀኑን ሙሉ።"

ገመዱን ጣሉት። "ሩጪ" አሉኝ፣ ፔርሙዙን ሳይከፍቱ። በሕይወታቸው ሳያዩ ያመኑት የመጀመሪያ ነገር የበግ ኩላሊት ሆነ። ሮጥኩ። ዶክተር ሣራ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ቆዩና "ይኼኛው ደህና ነው፤ ማክሰኞ እንገናኝ" አሉኝ።

ስመለስ ዳቦ በእንቁላል በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ። ጋዜጣውን ፈቱ፣ በሁለቱም በኩል አነበቡት። ዳቦውን ከፈቱ። እንቁላሉን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ከሥሩ አዩ፣ ወደ ፀሐይ አንስተው ደግመው አዩ። ከዚያ በሉ።

ደስ አለኝ። ሳይፈትሹ ቢጎርሱት ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ምን ነካቸው ብዬ ዶክተር ሣራን እጠራ ነበር።