ሻጩ እውነት የተናገረ ዕለት

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንዲት ሴት ደጃፌ ላይ ቆማ ሳለች ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻታለሁ። ረጅም ውሸት አልነበረም። ሦስት ቃል ነው። «ስገዛው ባዶ ነበር» አልኳት።

ማን የማይዋሽ አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲያ እያልኩ ነው የከረምኩት። ግን የአማርኛ መምህር ነኝ። አሶሳ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ «ደብተሬን ፍየል በላብኝ» ሲለኝ ፍየሉ እሱ ራሱ መሆኑን ከዓይኑ የማነብ ሴት ነኝ። ስንቱን ልጅ በዚህ አንበርክኬያለሁ! ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሥሩ ንዴት ነው። ግንዱም ንዴት ነው።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤታችን የዓመቱን ዕቅድ በኮምፒውተር ጽፋችሁ አምጡ አለን። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ተባለ። መልካም። ኮምፒውተሩን ማን ሰጠን? ማንም። ዕቅድ አምጡ ያለን ሰው ራሱ ደብዳቤውን የጻፈልን በእጁ ነው። አዲስ መግዛት ለመምህር የሕልም እንጀራ ነውና ያገለገለ ፍለጋ ወጣሁ።

መናኸሪያው አጠገብ አቶ በላቸው የሚባል ሰው አለ። ያገለገለ ነገር ሁሉ ይሸጣል። ከዚህ ሰው አፍ እውነት ሲወጣ የሰማ ሰው በከተማችን የለም። የሸጠው ሬዲዮ ሁሉ ከጀርመን የመጣ ነው። የሸጠው ፍራሽ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ የተተኛበት ነው። ይህን እያወቅሁ ለምን ሄድኩ? ሌላ የለማ!

ላፕቶፑን በእጅጌው እየወለወለ፣ «እህቴ፣ ይሄ የኤንጂኦ ሴትዮ ዕቃ ነው። ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ትሠራ ነበር፤ አሁን አገሯ ገብታለች። በጓንት ነው የነካችው» አለኝ። ቤት ወስጄ ሳየው ፊደሎቹ መሀል የማንጎ ጭማቂ ደርቆበታል። አንዷ ፊደል ከተጫኗት አትነሳም። በጓንት ማንጎ የምትበላ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አበራሁት። በራ። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየችው ክብሪት ነድዳ የምታልቅበትን ያህል ነው። «አሻ» የሚል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መጣና ከሥሩ የይለፍ ቃል አስገቢ አለኝ። እኔ ደግሞ አሻ አይደለሁም።

ለአቶ በላቸው ደወልኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በያት» አለኝ። አልኳት። እንቢ አለች። መልሼ ደወልኩ። ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው በካፒታል ሞክሪያት» አለኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በካፒታል! ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ትልቁን አንድና ትንሹን አንድ ለይቶ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት። «ኮምፒውተር ሸጥኩልሽ እንጂ ቁልፍ ሸጥኩልሽ?» አለኝ። ቤት የሸጠ ሰው ቁልፍ አይሰጥም ወይ ብዬ ብሞግተው፣ «ቲቸር፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። አንቺን ስላላወቀሽ ነው። ቀስ እያልሽ ስትቀርቢው ይለምድሻል» አለ። እንደ ላም! እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።

ከዚያ መሞከር ጀመርኩ። የሞከርኩትን እንዳልደግም ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። አሻ። አሻ አንድ። አሶሳ። ዓባይ። የወንድ ስም። የእግር ኳስ ቡድን። በተሳሳትኩ ቁጥር ከሥር አንዲት መስመር ብቅ ትላለች። ፊደሏ የእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋዋ ግን እንግሊዝኛ አይደለም። ሦስት ጊዜ አነበብኳት፤ ሐኪም የሞነጫጨረው የመድኃኒት ማዘዣ መሰለችኝ። ደብተሬ ላይ ገልብጬ ተውኳት። እናንተ ግን እንዳትረሷት።

በዚያ ሳምንት አሻን የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። አይቻት አላውቅማ፣ መልክ ሰጠኋት። ጥቁር መነጽር አደረግሁላት። ነጭ መኪና ውስጥ አስቀምጬ መስታወቱን ዘጋሁላት። እኔ ጭቃ ውስጥ እየዳከርኩ እሷ አልፋኝ ስትሄድ፣ ውሃ ስትረጨኝ ይታየኛል። ምን ደብቃ ነው የቆለፈችው? ወርቅ? ንቀት ነው እንጂ! አሻ የሚባል ስም ከተማችን ውስጥ በየቤቱ እንዳለ አላውቅም? አውቃለሁ። ንዴት ሲመጣ ግን የሚያውቁት ሁሉ ይሸሻል።

ጎረቤቴ ዘይነብ ብቻዬን ስጮህ ሰምታ በአጥር በኩል፣ «አንተ ማን ጋር ትጣላለህ?» አለችኝ። ዘይነብ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። በእሷ አማርኛ እኔ ወንድ ነኝ። መጀመሪያ ጎረቤት የሆንን ጊዜ አርሜያት ነበር። «እሺ፣ አንተም የኔ ቋንቋ አንድ ቀን ተናገር፣ እኔም ያርምሃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድ ሆኜ ቀረሁ።

«ከአሻ ጋር ነው የምጣላው» አልኳት።

«የትኛው አሻ? እኔ አሥር አሻ አውቃለሁ።»

«የኤንጂኦ አሻ!» ብዬ ገባሁ።

ዕቅዱ የሚገባበት ቀን ሲደርስ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ወደሚለው ጠጋኝ ሮጥኩ። እኛ ከተማ ኮምፒውተር በሽታው ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ነው። ፎርማት ይደረጋል። ማውስ ቢጠፋም ፎርማት ነው። እኔም እሱን ጠብቄ ነበር። ሰውየው ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ ዲስኩን አውጥቼ በኔ ኮምፒውተር አየሁት፤ ውስጡ ፋይል አለ። የልጆች መጽሐፍ ነገር ይመስላል። ዶሮ አለ፣ ውሃ የተሸከመች ሴት አለች፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለበት። ፍላሽ ላይ ላውጣልሽ? ነገ ጠዋት ትወስጂዋለሽ።»

ነገ! ዕቅዱ የሚገባው ዛሬ ነው። «የሰው ዶሮ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። «ጥረገው!»

«እርግጠኛ ነሽ? ከጠፋ አይመለስም።»

«ጥረገው አልኩህ!»

ጠረገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ዕቅዱን እዚያው ሱቅ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፣ አሳትሜ አስገባሁ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ ሳይገልጥ ማኅተም መታበትና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬ እዚያው ተኝቷል።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። ቀጠን ያለች፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። በፌስታል የበቆሎ እሸት ይዛለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። ስሜ አሻ ነው» አለችኝ።

መነጽሩ የለም። ነጩ መኪና የለም። ከሆሞሻ ወዲያ ካለ ትምህርት ቤት በአይሱዙ ተጭና ነው የመጣችው። ትናንሾቹን ልጆች በበርታ ቋንቋ ታስተምራለች። ክረምት ለመምህራን ሥልጠና ኮሌጅ ስትገባ ኮምፒውተሩን ቤት ትታው ነበር። ባሏ «የተቆለፈ ነው፤ ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ለአቶ በላቸው ሸጠው። ማን እንደ ገዛው የነገራት አቶ በላቸው ነው።

«ልወስደው አልመጣሁም» አለችኝ ቶሎ ብላ፣ እንዳልደነግጥ። «አንቺ ገዝተሻል፣ ሐላልሽ ነው። ውስጡን ብቻ ነው የምፈልገው።» ከሻርፕዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ፍላሽ አወጣች። ልጆቿ የሚያነቡት መጽሐፍ የላቸውም። ስለዚህ እሷ ትሠራላቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ። ተረቱን ከሽማግሌ እየለቀመች፣ ሥዕሉን ልጆቹን እያሣለች። አንድ ተረት ብቻ ነበር ሳትጨርስ የቀራት። ያንን የነገሯት አዛውንት ደግሞ ሐምሌ ላይ ሞተዋል።

ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «መግቢያው አላስቸገረሽም አይደል?» አለችኝ። «ፍንጩን ከሥር በኛ ቋንቋ ጽፌበታለሁ። ቢጠፋብኝ ያገኘው ሰው ለጎረቤቱ ያነብለታል፣ ይከፍተዋል፣ የልጆች መሆኑን አይቶ ይመልሰዋል ብዬ ነው። አንደኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል።»

ሰማችሁ? ስቆጣበት የከረምኩት ቁልፍ የተቆለፈው እንድንከፍተው ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ስገዛው ባዶ ነበር» አልኳት።

ፍላሹን አየችው። መልሳ ቋጠረችው፤ ቋጠሮው እንቢ አላትና ሁለት ጊዜ ሞከረች። «ሻጩ ነው የጠረገው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ አንዳንዴ ከአንደበት ይልቅ አጥርቶ ይዋሻል። «መአለሽ» አለችኝ፣ አይዞሽ እንደ ማለት። እኔን አጽናናችኝ! እሸቱን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ደቂቃ አልቆየሁም፣ ተከተልኳት። እውነቱን ልነግራት ነው የወጣሁት፤ ይህን ብቻ እመኑኝ። መናኸሪያው ስደርስ ግን ሱቁ ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። አሻ አትጮህም። «ለምን ጠረግከው? ሳትጠርገው መሸጥ አትችልም?» እያለች አንዱን ጥያቄ ትደጋግማለች። አቶ በላቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«ወላሂ! በማርያም! በልጆቼ! እጄ አልነካውም!»

«ፍራሹም እንዲሁ ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

አየኝ። ፊቱ በራ። «ይኸው ቲቸር! እግዜር አመጣሽ! ንገሪያቸው እንጂ። ተቆልፎ አልነበረም? አልደወልሽልኝም? በካፒታል ሞክሪ አላልኩሽም?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አሻም አየችኝ። ሰውየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ እዚያ የነበረው ምስክሩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እኔ ምን አውቄ?» አልኩና አለፍኩ።

ሰዎቹ እኔን አመኑ። ለምን አያምኑ? እሱ በላቸው ነው፤ እኔ መምህር ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩትን ስም በአንድ አረፍተ ነገር መነዘርኩት፣ ለዚያውም ለሐሰት። ቤቴ ገብቼ እሸቱን ጠበስኩት። በላሁት። ጣፋጭ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው መጣፈጡ ነው።

ከሰዓታት በኋላ ደብተሬን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ያቺን መስመር ለዘይነብ አነበብኩላት። አነባበቤ ሆዷን እስክትይዝ አሳቃት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

«‹እናቴ ጠዋት ጠዋት፣ በአንድ እንጨት፣ በሁለት ጎን፣ በትከሻ የምታመጣው› ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

በመገረም አየችኝ። ከኋላዋ የመሸከሚያው እንጨት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለቱ ጀሪካኖች እንደ ታሰሩ ናቸው። በየማለዳው በደጄ ይዛው ስታልፍ አያታለሁ።

«ውሃ ነው እንጂ!» አለች። «ያኔ ስትጮህ ለምን አልጠየቅከኝም? እኔ እዚህ ነበር።»

ምን ልበላት? ወላጆቼን ደርግ ከወሎ አምጥቶ ሲያሰፍራቸው እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ሁሉ የኖርኩት እዚህ ነው። ከእነ ዘይነብ ቋንቋ ግን ከሰላምታ ያለፈ የማውቀው የለኝም። የልጆችን ሰዋስው ሳርም፣ የዘይነብን «አንተ» ስታዘብ፣ ውሃ ማለት አላውቅም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። የኮምፒውተሩ መግቢያ አድርጌዋለሁ። በከፈትኩት ቁጥር መጀመሪያ እሱን መጻፍ አለብኝ፤ ያቺ በማንጎ የተጣበቀች ፊደል ደግሞ ቃሉ ውስጥ አለችበትና በጥፍሬ ፈልቅቄ አነሳታለሁ።

አሻ ከመጀመሪያው ገጽ እንደ አዲስ ጀምራለች ሲሉ ሰማሁ። በእጇ፣ በደብተር። አቶ በላቸው ግን አልጀመረም፤ እንዲያውም «እውነት ምን ጠቀመኝ?» እያለ ብሶበታል አሉ። ይህንንም በእኔ ጻፉት።

በሚመጣው ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ይዤ ሆሞሻ እወርዳለሁ። ለአሻ እውነቱን ነግሬ፣ ዕቃውን ሰጥቼ፣ ከፈቀደችልኝ ቁጭ ብዬ እጽፍላታለሁ፤ እሷ ታርመኛለች። ስመለስ መናኸሪያው ጋ ወርጄ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አቶ በላቸው እውነተኛ ነው እላለሁ። የትኛው እንደሚከብደኝ ልንገራችሁ? ሁለተኛው። አውቀዋለሁ፤ በማግስቱ «መምህሯ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ ድንጋይ ተሸክማ መጣች» እያለ ያወራል። ያኔ ደግሞ አገሩ ሁሉ ያምነዋል።

እነሱ ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። እሱን እዚያው ሄጄ እሰማለሁ። እናንተ ግን እስከዚህ ድረስ ቁጣዬን ሁሉ ታግሣችሁ ሰምታችሁኛል፤ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።