የፍቅረኞች ቀን በግንቦት

በአገራችን በዓል ይመጣል እንጂ አይመረጥም። ፋሲካ «መቼ ይመችሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው አለ? ገናም ሆነ መስቀል ቀኑን ጠብቆ ከተፍ ይላል፤ ከእኛ የሚፈለገው ዶሮውን ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው። ችግር የሚጀምረው ባልና ሚስት ተቀምጠው ቀኑን የሚመርጡለት በዓል የመጣ ዕለት ነው። ለመሆኑ ባልና ሚስት በምን ተስማምተው ያውቃሉ? ይህ አነጋገሬ ትንሽ ከረረ፤ ላስተካክለው። በብዙ ነገር ይስማማሉ፤ በቀን ግን አይስማሙም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ትውልዴ ወሎ ቢሆንም ዕድሜዬን የጨረስሁት፣ ይቅርታ፣ ገና አልጨረስሁትም፣ ያሳለፍሁት መቐለ ነው። ያገባሁትም ከዚሁ ነው። ባለቤቴ ለተብርሃን እስከ ዛሬ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «መምህር» ትለኛለች። ስትቆጣ ደግሞ «አንተ መምህር!»

አንድ ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን ስልክ ደውላ በጨዋታ መካከል የፍቅረኞች ቀን መቃረቡን ለእናቷ ነገረቻት። አበባ መሰጠቱን፣ ቀይ መለበሱን፣ ባልና ሚስት ውጭ ራት መብላታቸውን፣ አንድም አላስቀረችባት። ለተብርሃን ስልኩን ዘጋች። ከዚያም የሰርጋችንን ነገር አነሣች።

የሰርጋችን ነገር እንዲህ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሰርግ የለምና ሙሽራ ሁሉ ከጾሙ በፊት ይጣደፋል። እኛም በመጨረሻዋ እሑድ፣ በቅበላው ዕለት፣ እየሮጥን ተጋባን። በማግሥቱ ጾም ገባ። በሌላው ቤት ሙሽሮች ለመልስ ሲጠሩ በግ ይታረድላቸዋል፤ የእኛ መልስ በሽሮ ነበር። ጾሙ ሲፈታ እኔ ወደ ጠመኔዬ፣ እርሷ ወደ ጓዳዋ ገብተን ሙሽርነቱ አልፎ ነበር።

«መምህር፣» አለችኝ፣ «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔና አንተ ሳንቻኮል ተቀምጠን አናውቅም። ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ፈተና ማረም አለ። አንድ ቀን ስጠኝ። የማንቻኮልበት አንድ ቀን።»

ቃል ገባሁ።

ቀኑን ፍለጋ ጀመርሁ። የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ዐሥራ አራት በእኛ የካቲት ሰባት ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ ስድስት የሚሆንበት ዓመት አለ፤ ያን ዓመት ግን ሰባት ነበር። የቀን መቁጠሪያውን ብገልጠው ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት አምስት ሆኖ አገኘሁት። የፍቅረኞች ቀን በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ያውም ረቡዕ ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጧል።

ግራ ቢገባኝ የነፍስ አባታችንን ላማክር ሄድሁ። የማን በዓል እንደሆነ ጠየቁኝ። ቫለንታይን የሚባል ሰማዕት ነው ይላሉ አልኋቸው። ጢማቸውን ይዘው አሰቡና፣ በእኛ ስንክሳር እንደማያውቁት፣ ሰማዕት ከሆነ ግን ትዕግሥት ስለማያንሰው እስከ ፋሲካ ብናቆየው እንደማይቀየም ነገሩኝ። ቀጥለውም በጾም ወራት ባልና ሚስት እንደ እኅትና ወንድም መሆናቸውን እንዳልረሳ አሳሰቡኝ። በዚያ በኩል እንኳ ጾሙ ብዙም አያስቸግረንም አልኋቸው። አላልኋቸውም፤ አሰብሁት እንጂ።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ከጾሙ በፊት፣ በቅበላው እሑድ ብናደርገውስ? ለለተብርሃን ነገርኋት።

«እዋይ!» አለች። «በቅበላ? አንዴ ለጾም አጣድፈህ አገባኸኝ፤ ዛሬ ደግሞ ለጾም አጣድፈህ ልትወደኝ ነው?»

እንግዲያውስ በዕለቱ፣ በጾም ምግብ እናክብረው ብል ባሰባት። መልሷ በሽሮ ሆኖ የቀረው ሳያንስ ፍቅሯም በሽሮ እንዲሆን የምሻ መሆኔን ጠየቀችኝ። አይደለም አልሁና ተውሁት።

ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተስማማን። በሐሳብ ደረጃ ማለቴ ነው። ፋሲካው ራሱ የእንግዳ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ ጾም ይዞት የቆየው ሰርግ ሁሉ ይፈታል፤ ቅዳሜና እሑድ የጥሪ ካርድ ነው። ዐሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ ሃያ አንድ የእርሷ ማኅበር ነው። ሰኞን ባነሣ «በሰኞ ደግሞ ማን ይዋደዳል?» አለችኝ። ማክሰኞን የተቃወምሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴን ግን አሁን ረስቼዋለሁ። ስንት ትውልድ ሰሜንና ደቡብን ያሳየሁ ሰው በአንዲት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ላይ መንገድ ጠፋብኝ። የባሰው ግን ለተብርሃን መሳቋን መተዋ ነበር። አንድ ቀን ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ «ተወው መምህር፤ እኛ ቀን የለንም» ብላ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ ጨርቅ የሚሸጠው አሊ ዘንድ ሄድሁ። አሊ የወሎ ሰው ነው፤ ብሶቴን በአገሬ ቅላጼ የማወራው ለእርሱ ነው። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ እስኪያስለው ሳቀ።

«ጋሼ፣ እኛ ለረመዷን ጨረቃ እንጠብቃለን። ሚስቱን ለመውደድ ጨረቃ የሚጠብቅ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ! በሉ ይህን ይያዙ። የሰጧት ዕለት በዓሉ ያ ነው!» ብሎ ደማቅ ቀይ ሻሽ አውጥቶ ጠቀለለልኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ወሩም ግንቦት። ሻሹን ስሰጣት ለተብርሃን ነጠላዋን አስቀምጣ ሻሹን አሰረችና በሩ ላይ ቆመች። በዓይናለም አቅጣጫ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ሆቴል ሄድን። አስተናጋጇን የፍቅረኞችን ቀን ልናከብር እንደመጣን ብነግራት፣ ልጅቱ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «ኣቦይ፣ እርሱ እኮ አልፏል» አለችኝ።

«የእናንተ ነው ያለፈ፤ የእኛ ገና መድረሱ ነው» አለቻት ለተብርሃን።

ጥብሱ መጥቶ ቀዘቀዘ፤ ግድ አልሰጣትም። በመልሳችን ዕለት አጎቷ ሽሮውን ዶሮ ነው ብሎ ለዓይነ ደካማ አማቹ እንዴት እንዳጎረሰ እያስታወሰች ትስቅ ጀመር። እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። አውቃለሁ፤ ግን በጣም ድሮ ነው። ፀሐይዋ ገባች፤ ማንም የትም አልተቻኮለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

በሳምንቱ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዝማም መጣች። እኔ ጓዳ ጋደም ብያለሁ፤ መኖሬን አላወቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለተይ ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ከባዳ ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል። መምህር ሆቴል ታይቷል። ቀይ ሻሽ ካሰረች ሴት ጋር» አለቻት።

ከአልጋዬ ልነሣ ስል የለተብርሃን ድምፅ መጣ፤ «ቆንጆ ናት?»

«ፊቷን አላየሁም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ግን ልጅ ናት። አሳሳቋ የልጅ ነው! ደግሞስ ምን በዓል አለና ነው ሐሙስ ቀን? የገዛ ሚስቱን ሐሙስ ቀን ሆቴል የሚወስድ ባል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሚስቴ ሳቋ ሊያመልጣት ነው ብዬ ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና፣ «ዋይ ኣነ! ምን ይደረግ፣ ወንድ አይደል» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሰፈሩ ሴሰኛ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ሴቶቹ ለለተብርሃን እያዘኑ ለእኔ ሰላምታ ነሱኝ። የነፍስ አባታችን እንኳ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግንባሬን ከወትሮው ጠንከር አድርገው ይነኩኛል። ቢጨንቀኝ ለመንኋት፦ ስሜ ጠፋ፤ ሴትዮዋ አንቺው መሆንሽን ለአንድ ሰው፣ ለዝማም ብቻ እንኳ ንገሪያት አልኋት።

ለተብርሃን ከመስተዋቱ ፊት ቆማ ሻሹን እያስተካከለች ነበር። ዞር ብላም አላየችኝ።

«መምህር፣ በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ናት ተብዬ፣ ውሸት ነው የምለው እኔው ነኝ?»