እየሳቀ ገመድ የሚስብ መርከበኛ

ቤት በሚቀየርበት ቀን ሥዕል ብቻ የሚሸከም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሶፋውና ፍሪጁ ተገትሮ እያለ፣ አንዲት ፍሬም አቅፎ «ቀስ በሉ፣ ግድግዳው እንዳይጫር!» የሚል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ታደሰ እንበለው።

በዘጠናዎቹ ነው፤ በምንኖርበት የስደት ከተማ ታደሰ ከዋይትሆርን ሰፈር ወጥቶ ማርቲንዴል ሰፈር ወደገዛው ቤት «ሙቭ ላደርግ ነው» ብሎ ጠራን። እኔና በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጭነት ያወርዱ የነበሩት ጋሼ መኮንን ሶፋውን ይዘን ደረጃው ላይ ስናቃስት፣ እሱ ሥዕሉን አቅፎ ከፊት ከፊታችን ይወጣል።

ሥዕሉን ያገኘው ጋራዥ ሴል፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ አውጥቶ ሲሸጥ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ መርከብ ነው አሉ። ካፒቴኑ በጣቱ ወደፊት ያመለክታል፤ መርከበኞቹ ከኋላው ገመድ ይስባሉ፤ ሁሉም ፈገግ ብለዋል።

ጋሼ መኮንን ሶፋውን አሳርፈው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይህን የቀረጸው ሰው ገመድ ስቦ አያውቅም» አሉ። «እየሳቀ የሚጎትት ማን አይቶ ያውቃል?»

«ጋሼ፣ አርቲስቱ እኮ ያየውን ነው የሠራው» አለ ታደሰ።

«ያየውማ ካፒቴኑን ነው። ሥዕሉን ያዘዘው እሱ ነዋ!»

ታደሰ የተቀየመ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሱ ግን ሚስቱን ጠርቶ ካሜራ አስያዛትና ከፊታችን ቆመ። እኛም ሶፋውን አነሳን።

«ስማይል!» አለች።

ምን ይደረጋል? ሳቅን።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ፎቶው ከመርከቡ ጎን ተሰቀለ። ታደሰ በጣቱ ወደ ላይ ያመለክታል፤ እኔና ጋሼ ከሶፋው ሥር ጥርሳችን እስኪቆጠር እንስቃለን።

ጋሼ መኮንን ፎቶውን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያን ቀራጭ ያለ ጥፋቱ አማነው» አሉ።