ለእድር የተገዙ ሰላሳ የጦር ፊልሞች

አንድ ላይ ታጭቀው በርካሽ የሚሸጡ የድሮ የጦር ፊልሞችን መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ብዙ ሰው እንደሚያስጨንቅ እገምታለሁ። ሌላው ዓለም ምን መልስ እንደሰጠ አላውቅም። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ የእኛ እድር ግን ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ በጠቅላላ ጉባኤ አጽድቆ፣ በተግባርም ፈትሾ ጨርሶታል። ይህን ታላቅ ሥራ ለትውልድ የማስተላለፍ ኃላፊነት ስላለብኝ፣ ደግሞም ሌላ የሚጽፍ ሰው ስላልተገኘ፣ እኔው አቀርበዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከድንኳን ነው። ግማሹ ሰፈር ፈርሶ አባሎቻችን ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ከተበተኑ ወዲህ ለቅሶ ላይ የሚያመሽ ሰው ጠፋ። ሰው ይመጣል፣ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ታክሲ እንዳያመልጠው ብሎ ይሄዳል። የቀረነው ደግሞ በጣም ከመተዋወቃችን የተነሳ የምናወራው አልቆብናል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ወልደአማኑኤል ይህን «የማምሸት ክፍተት» ብለው ሰየሙት። አቶ ወልደአማኑኤል ለአንድ ችግር ስም ካወጡለት እንደተፈታ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው፤ ከዚህ የተነሳ በእድራችን ያልተፈታ ችግር የለም።

ይኸኛው ግን ስም ወጥቶለትም አልፈታ አለ። ስለዚህ ጉባኤ ጠሩና ድንኳኑ ውስጥ ቴሌቪዥን እንዲገባ አቅጣጫ አስቀመጡ።

«ለቅሶ ላይ ቴሌቪዥን?» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። ባለቤታቸው አቶ ገብረየሱስ ዓመት ሙሉ አልጋ ስለያዙ፣ ስብሰባ የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

«ቴሌቪዥኑ መሣሪያ ነው፤ ዋናው ፊልሙ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ምን ዓይነት ፊልም የሚለው ግን ጥናት ይፈልጋል።»

ጥናቱ እዚያው ተካሄደ። ቀልድ ያለበት ፊልም ሐዘንተኛ ፊት ያስቃል፤ ወደቀ። የፍቅር ፊልም ከአማች ጋር ለተቀመጠ ሰው ያሳፍራል፤ ወደቀ። መንፈሳዊ ፊልም እንዳይባል፣ እድራችን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም ያለበት ነው፤ የማን ይታይ? የቀረው የጦር ፊልም ነበር። የጦር ፊልም ውስጥ ሰው በብዛት ይሞታል፤ ስለዚህ ከቦታው ጋር ይሄዳል። እዚህ ድምዳሜ ላይ የደረሱት አቶ ወልደአማኑኤል ራሳቸው ሲሆኑ፣ ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበላቸው።

ግዢው የተፈጸመው ከሙሌ ነው። ሙሌ ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ፊልም በፍላሽ እየጫነ ሲሸጥ የኖረ፣ አሁን ግን ወደ ስልክ ጥገና ያዘነበለ ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ክላሲክ ነው። ሰላሳ የጦር ፊልም በአንዱ ዋጋ።»

«ለምን ረከሰ?»

«ስለቆየ።»

«ክላሲክ ከሆነ ሲቆይ መወደድ አልነበረበትም?»

«ለማያውቅ ሰው እናስወድደዋለን። ለሚያውቅ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን እናረክሰዋለን።»

አቶ ወልደአማኑኤል የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ወዲያው ገዙ። ፊልሞቹ ስም አልነበራቸውም፤ «ጦርነት አንድ»፣ «ጦርነት ሁለት» እየተባሉ እስከ ሰላሳ ይሄዳሉ። ይህም ለአሠራር ግልጽነት አመቺ ነው ተብሎ ተመሰገነ።

ብዙም ሳይቆይ አባላችን አቶ ባጫ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማርና ደግ ሰው ነበሩ፤ ለእድሩም በጣም አመቺ በሆነ ጊዜ ነው የሞቱት። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ እንዲያጫውት የተጠራው ሙሌም ጣቱን «ጦርነት አሥራ አራት» ላይ አሳረፈ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ቋንቋው የማናውቀው ነበርና ሙሌ አጠገቡ ቆሞ ይተረጉምልን ጀመር። ሙሌም ቋንቋውን አያውቀውም። ይህ ግን አላዘገየውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ተዋናዮቹን ይቀድማቸው ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። በረሃ ላይ የተከበበ ጦር ውሃ አልቆበታል። ጉድጓዱ ያለው ከጠላት ጋር በተፋጠጡበት መሀል ሜዳ ላይ ነው። አንድ አስር አለቃ በቅሎ ላይ ጀሪካን ጭኖ ሊቀዳ ይወርዳል። ጌጃ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነውና ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

«ይሄ ጀለስ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አልቀመሰም» አለ ሙሌ።

«ሁለት ቀን ምን አላት» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «የኛ ከሄደች ሳምንቷ ነው።»

አዲስ ለቀስተኛ እያነባ በገባ ቁጥር ፊልሙ ለክብሩ ይቆማል፤ እሱ አልቅሶ ሲጨርስ ይቀጥላል። በዚህ አካሄድ አንዱ ፊልም ሦስቱን ምሽት በላ። ሰው ግን እየበዛ ሄደ። ከሰንጋ ተራ ድረስ የማናውቃቸው ሰዎች እየመጡ ፈንታቸውን አለቀሱና ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ ያዙ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ የአቶ ባጫ ባለቤት፣ ሕዝቡን እያዩ «ባጫዬ፣ ለካ እንዲህ ትወደድ ነበር» ብለው እንባቸው ወረደ። ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ እጅግ ትሕትና በተሞላበት ድምፅ፣ «እሜቴ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ፣ በቅሎዋ አልታየችኝም» አላቸው።

በሦስተኛው ምሽት አስር አለቃው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ። ባልዲውን ለቀቀ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ መብራት ሄደ።

ጠበቅን፤ አልመጣም። በማግስቱ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሐዘናችንም ያን ጊዜ እውነተኛ ሆነ። ወኪሎች ተመርጠው ፊልሙ ይጨረስልን ሊሉ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዱ።

«አይቻልም» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስትና ፊልም የእድር ንብረት ናቸው። የእድር ንብረት ደግሞ ሰው ካልሞተ ከመጋዘን አይወጣም። ብረት ድስቱን ለልደት አውጥተን እናውቃለን?»

አናውቅም። ሙሌ፣ ቦታ ስላጣበበኝ የኔን ቅጂ አጥፍቼዋለሁ አለ። ወጣቶቹ ኢንተርኔት ላይ «ጦርነት አሥራ አራት» ብለው ቢፈልጉ ጦርነት በሽ በሽ ሆነ፤ በቅሎ ያለችበት ግን የለም።

ስለዚህ ሰው እስኪሞት መጠበቅ ጀመርን። ማንም በማንም ላይ ክፉ አልተመኘም፤ ይህን በሚገባ እመሰክራለሁ። ብቻ የሁሉም እግር ሳያስበው ወደ አቶ ገብረየሱስ ቤት አመራ።

አቶ ገብረየሱስ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚከፈላቸው በገጽ ስለነበር፣ አንዲትን የአጥር ጠብ ከቅድመ አያት ጀምረው ማምጣት ይችሉበታል። አልጋ ከያዙ ወዲህ ዓመት ሙሉ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ግን የጫማ ማውለቂያ ቦታ ጠፋ።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ገብሬ?»

«ተመስገን፣ ዛሬስ ሻል ብሎኛል።»

«አይ» ይላል ጠያቂው ፊቱ ውድቅ ብሎ። «ተስፋ አይቆረጥም።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ሁለት ቀን ታዝበው በሦስተኛው ለባላቸው ፍርጥ አድርገው ነገሯቸው። «አንተን ብለው እንዳይመስልህ። በቅሎዋን ብለው ነው።»

አቶ ገብረየሱስ በጣም አዘኑ። ዓመት ሙሉ በር በሩን እያዩ የናፈቁት ሰው መጣ፤ የመጣው ግን እሳቸው እስኪሄዱለት ሊጠብቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ሊመሽ ሲል ግን ቀና አሉና ወረቀት አስመጡ። ለእድሩ የጻፉት አቤቱታ ዋና ሐሳቡ እነሆ፦

«አመልካች መዋጮዬን አጓድዬ አላውቅም። በአመልካች ለቅሶ ላይ የሚታየውን ፊልም አባላት በሙሉ ሲያዩት፣ አመልካች ብቻ በቦታው ቢገኝም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ድርሻዬ በቁሜ ይሰጠኝ ዘንድ አመለክታለሁ።»

ሊቀመንበሩ ደጋግመው አነበቡት። ቀዳዳ ሊያገኙለት አልቻሉም። ቴሌቪዥኑና ፍላሹ በእድሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወት ወዳለ ሰው ቤት ሄዱ። ልማድ እንዳይሆን ግን ከባልና ሚስቱ ሌላ እንዳያይ ተወሰነ፤ እኛ ግቢው ውስጥ ቆመን በሩን ስናይ ቆየን። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ዘለው የገቡት አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው።

«ቀዳው?» አሉ።

አቶ ገብረየሱስ ትራሳቸውን ተደግፈው በሩ ላይ የታጨቀውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። «ነገሩ ረጅም ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ ደካማ ነኝ። ነገ ኑ። ሾርባ ነገር ብቀምስ ድምፄ ይወጣ ይሆናል።»

በማግስቱ የመጣው ሾርባ ብዛት ለሠርግ ይበቃ ነበር። አቶ ገብረየሱስ ቀምሰው፣ ባልዲው ግድግዳው ላይ እንደተያዘ ነገሩንና ደከመኝ አሉ። በሚቀጥለው ቀን፣ በብርቱካን፣ ገመዱ ተበልቶ ተበልቶ አንድ ክር ቀረው። በወተት ክሩ ተበጠሰ። አስር አለቃው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የጠላት ወታደር እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘ፤ እሱም ውሃ ጠምቶት ነው። ሁለቱ ስለ ሚስቶቻቸው ሲያወሩ አንድ ሳምንት ሙሉ አጥሚት ጠጡበት። በዚህ መሀል በቅሎዋ ወለደች።

«በቅሎ ትወልዳለች እንዴ?» አለ አንድ ሰው።

«በጦርነት ጊዜ ብዙ የማይሆን ነገር ይሆናል» አሉ አቶ ገብረየሱስ። ሁላችንም ሰውየውን በክፉ ዓይን አየነው።

ይህን ጊዜ አቶ ገብረየሱስ ቁጭ ማለት ጀምረዋል። ከዚያ በከዘራ፣ ከዚያ ያለ ከዘራ፤ በመጨረሻ በእግራቸው ልደታ ማርያም ደርሰው ተመለሱ። ፊታቸው ሞላ፣ ይስቁ ጀመር። አቶ ወልደአማኑኤል፣ የጦር ፊልም የአባላትን ዕድሜ እንደሚያራዝም በተጨባጭ መረጋገጡን ገልጸው፣ ሥራው ተጠናክሮ እንደሚቀጥል አስታወቁ።

ቢሆንም በዓይን የማየት ነገር ያንገበግባል። አቶ ሚደቅሳ የተባለ አባላችን አንድ ቀን መርዶ ደረሰኝ ብሎ መጣ፤ አክስቱ አገር ቤት ሞታለች። አክስት እንዳለችው የሰማነው ያን ዕለት ነው። የሞተችው ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ሲነገረን፣ ሊቀመንበሩ ሐዘን አያረጅም አሉና ድንኳኑ ተተከለ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰፈራችን አይቶ አያውቅም። መብራት ቢሄድ ተብሎ ጀኔሬተር ሁሉ ተዘጋጀ።

አስር አለቃው ወረደ። ባልዲውን ለቀቀ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። መብራት አልሄደም፤ አምፖሎቹ ቦግ ብለው እያበሩ ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«አልቋል» አለ ሙሌ።

«ምኑ ነው ያለቀው? ውሃው የታለ?»

ሙሌ ጭንቅላቱን አከከ። «ጋሼ፣ ይሄ ርካሹ እኮ ነው። ግማሽ ግማሽ ነው ያለው። መጨረሻው ለብቻው ይሸጣል።»

«ሰላሳውም?»

«ሰላሳውም።»

እንግዲህ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ፣ የእድራችን ጥናት ውጤት ይህ ነው፦ ያዋጣል። ሰላሳ ግማሽ ፊልም አሥራ አምስት ሙሉ ፊልም ማለት መሆኑን አቶ ወልደአማኑኤል እዚያው አስልተው አሳይተውናል።

ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ አቶ ገብረየሱስ ዞረ። አቶ ገብረየሱስ አግዳሚው ጫፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ወይዘሮ ድንቅነሽ ክንዳቸውን ይዘዋል። በዚያች ደቂቃ ተሰድበው የሚባረሩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ያቺ ከኋላ የምትናገረው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሽ ገብሬ፣ ግልገሏ በቅሎ ጋ ነበር ያቆምነው።»

አግዳሚዎቹ ዞሩ፣ ሰው ሁሉ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጠ። ሽማግሌው ሲያወሩ አመሹ። እንዲህ ሲያምርባቸው አይቼ አላውቅም። ሲጨርሱ አቶ ወልደአማኑኤል ተነስተው ታሪካዊ ንግግር አደረጉ፤ የማምሸት ክፍተት በዘላቂነት የተሞላ መሆኑን ገልጸው፣ አቶ ገብረየሱስ ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚውና ከብረት ድስቱ ቀጥሎ በእድሩ ንብረትነት እንዲመዘገቡ ሐሳብ አቀረቡ። በአንድ ድምፅ ጸደቀ። አቶ ገብረየሱስ ለተሰጣቸው ክብር እያለቀሱ አመሰገኑ።

በማግስቱ ወይዘሮ ድንቅነሽ ቤቱን ጠርገው ወንበር ደረደሩ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ቀንም አልመጣም። ማን ይመጣል? የእድር ንብረት እኮ ሰው ሳይሞት እንዲሁ አይነካም፤ ደንብ ደንብ ነው። አቶ ገብረየሱስ ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገዱን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ቢጨንቃቸው ሊቀመንበሩ ቤት ሄዱ። አቶ ወልደአማኑኤል በር ላይ ተቀበሏቸው።

«ገብረየሱስን ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «እባክዎ፣ ሰው ይዘው ብቅ ቢሉልን።»

አቶ ወልደአማኑኤል ክው ብለው ቆባቸውን አወለቁ፤ እውነተኛ እንባ ዓይናቸው ሞላ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከግድግዳው ላይ እያወረዱ፣

«ነፍስ ይማር» አሉ። «መቼ ነው ያረፈው?»