ጫጩት የሚፈለፈልበት ፎቶ ቤት

ፊልም ሳይታጠብ ስንት ዓመት ይቆያል? ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ቁርጡን የነገረኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። የድሮ ካሜራ ውስጥ የምትገባዋን፣ የምትጠቀለለዋን ነው የምላችሁ። አሁንማ ካሜራውም ሞባይሉም ያለ ፊልም ያነሳል።

እኔ ዘንድ አንዲት ያልታጠበች አለች። እናቴ ልጄን ሜሮንን ታቅፋ የከተማችን ሐይቅ ዳር የተነሳችው እሷ ላይ ነው። ካሜራው የጎረቤት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እናቴ አረፈች፤ በለቅሶ መሃል ፊልም ማን ያስታውሳል? ሁለቱ አብረው የተነሱት ሌላ ፎቶ የለም። ፀሐይ እንዳይነካት እፈራለሁ፣ ብርድ እፈራለሁ፣ አይጥ ሳይቀር እፈራለሁ። ባሌ "ከልጅሽ ይልቅ ለፊልሟ ትሳሻለሽ" ይለኛል።

በቀደም ጨክኜ ሜሮንን ይዤ እዚሁ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ጋሽ ዳንጊሶ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሰርጌን ያነሱት እሳቸው ናቸው። ገና በሩን ሳልፍ የጫጩት ጩኸት ሰማሁ። ምንድነው ብላቸው "ደንበኞቼ ናቸው፣ ግቢ" አሉኝ።

ለካ ፊልም የሚያሳጥብ ጠፍቶ ማሽናቸው ሥራ ፈትቷል። ፊልም ይሠሩ የነበሩት የውጭ አገር ፋብሪካዎች እንኳ እየተዘጉ፣ ማሽናቸው እየተፈታ ለብረት ይሸጣል አሉኝ። የእሳቸውን ግን ማን ደፍሮ ይፈታል! ያቺ ቁምሳጥን የምታክል ፊልም ማድረቂያ ማሞቂያም ማራገቢያም አላት። ከቱላ ገበሬዎች እንቁላል አስመጥተው ደረደሩባት። ይኸው ጫጩት ትፈለፍላለች!

እኔን ደግሞ ጭንቀት መቼ ይለቀኛል?

"መብራት ቢጠፋስ?"

"ጋቢዬን አልብሳቸዋለሁ።"

"ቢታፈኑስ?"

"አንቺ ልጅ፣ እናታቸው ዶሮዋ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀችም!"

ከዚያ ጨለማ ክፍላቸው አስገቡን። አንድ እንቁላል አንስተው አምፖል ፊት ያዙ፤ ልክ ድሮ ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው እንደሚያዩት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው። ውስጡ ቀያይ የደም ሥር፣ መሃሉ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ። "ቆንጆ ሆና ወጥታለች" አሉ። እኔንም በሰርጌ ጊዜ እንዲሁ ነበር ያሉኝ። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው እባካችሁ? ማሽኑንም ዓይናቸውንም ሥራ አላስፈቱም።

ፊልሜን ሳወጣ ግን ሳቃቸው ቆመ። በጣታቸው ገለባበጧት። እዚህ ከእንግዲህ አይታጠብም፣ መድኃኒቱም የለም አሉ። አዲስ አበባ አሁንም የሚያጥብ ወዳጅ አላቸው። "ልላክልሽ። ግን ልጄ፣ ቆይቷል፤ ባዶ ሊወጣ ይችላል።"

ባዶ ከወጣ እናቴ ሁለተኛ ሞተች ማለት አይደል? እጄ እምቢ አለኝ፤ መልሼ ቦርሳዬ ከተትኳት።

ይሄኔ ሜሮን ቀሚሴን ጎተተች። "እማዬ፣ እዚያ ሞቅ ያለው ውስጥ አስገቢያትና አያቴ ትፈልፈል።"

ጋሽ ዳንጊሶ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሙቀቱ ለእንቁላል እንጂ ለፊልም አይሆንም፣ ያበላሸዋል አሏት። ማን ይስማቸው! አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ "አያቴ ተፈለፈለች?" ትለኛለች።

እስኪ እናንተ ምከሩኝ፤ አዲስ አበባ ልላካት? ወይስ እንደ ዶሮ ታቅፌያት ልቀመጥ?